የቡኪት ሴራይ ሀብታሞች

ሙኒያንዲን የሰደበው ኦንግ ኪም ሴንግ ነው። ጊዜው ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ የቻይናዎች አዲስ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ቦታው የኦንግ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ምስማር የሚመዘንበት ሚዛን ፊት ለፊት። የሰሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት የመደብሩ ሠራተኞች፣ ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ አንድ የአገሩ ተወላጅ ማላይ፣ እና የኦንግ ሚስት። የኦንግ ሚስት ሳቀች። ማላዩ አልሳቀም፤ አቀርቅሮ የገዛ ጫማውን አየ። ሙኒያንዲ ከሴትዮዋ ሳቅ ይልቅ ያቺን ወደ ጫማ ማየት ነው እስከ ዛሬ ያልረሳት።

የሄደው ለጣራው ስድስት ቆርቆሮ ሊገዛ ነበር። ዋጋውን ሲሰማ ግን «አራት ይበቃል» አለ። ኦንግ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ትክ ብሎ አየውና እንዲህ አለው፦

«አንኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኔ አያት ከቻይና በመርከብ መጣ። ያንተም አያት ከሕንድ በመርከብ መጣ። የኔ አያት የነበረው አንድ ሱሪ ነው፣ ያንተም አያት አንድ ሽርጥ። መቶ ዓመት ሞላን። ዛሬ እኔ ቆርቆሮ እሸጣለሁ፣ አንተ ከስድስት ላይ ሁለት ትቀንሳለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር?»

አንኔ ከሕንድ በመጡት በነሙኒያንዲ፣ በታሚሎቹ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ከቻይናዎቹ አፍ ሲወጣ ግን «ና እዚህ፣ ይቺን ከረጢት አንሣ» ከማለት አይሻልም።

ሙኒያንዲ መለሰ። «የጎማ ዛፍ ስናደማ ነበር» አለ። እውነት ነው፣ መልስ ግን አልነበረም። አራቱን ቆርቆሮ በራሱ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰባት የተሻሉ መልሶች መጡለት። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ መልሶቹ በርክተው በርክተው ሁለት መቶ ሳይደርሱ አልቀሩም፤ የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም። ሚስቱ ሌቹሚ እንኳ «ዛሬም ያ ሰውዬ ነው?» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ስድቡ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልመረረው ነበር። ቡኪት ሴራይ የምትባለውን ትንሽ የማሌዢያ ከተማ መሐል ለመሐል የባቡር ሐዲድ ይቆርጣታል። ከሐዲዱ ወዲያ ቻይናዎቹ የሚኖሩበት አዲሱ መንደር ነው፤ ከተቆረቆረ ስድሳ ዓመት ሆኖታል፣ አሁንም አዲሱ ነው የሚባለው። ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ የብረት ፍርግርግ፣ በየደጁ መኪና። ከሐዲዱ ወዲህ የታሚሎቹ ረድፍ አለ። ረድፉን የሠራው እንግሊዝ ነው፣ ለጎማ እርሻው ሠራተኞች፤ በአንድ ጣራ ሥር አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት በር የተደረደረባቸው ሁለት ረጃጅም ቤቶች፣ ከኋላቸው አንድ የጋራ ቦይ። እርሻው ተሸጠ። ጎማው ተነቅሎ የዘይት ፓልም ተተከለ። ፓልሙም ተሸጠ። ሰዎቹ ብቻ ሳይሸጡ ቀሩ፣ ገዢ ስላልተገኘ። የረድፉ ወጣቶች ፔናንግ ሄደው የሰው በር ይጠብቃሉ፣ ሲንጋፖር ሄደው የሰው ሣህን ያጥባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ለዲፓቫሊ በዓል ሲመጡ የፀሐይ መነጽርና ነጭ ጫማ አድርገው ይመጣሉ፤ ሠፈሩም ያንን መነጽር እያየ ዓመቱን ሙሉ ልጆቻችን ደረሱ እያለ ይኖራል። ሙኒያንዲ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሲያወራው አፉ ይጣመማል። የራሱ ልጅ ራጋቫንም መነጽር አለው።

ስድቡ አሥራ ሦስት ዓመት በሞላው ጊዜ ነገር የመጣው በትምህርት ቤቱ ነው። የታሚሎቹ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍልና ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነበረው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ገብቶ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ልጆቹ ጫማቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማባዛት ይማራሉ። ሙኒያንዲም እስከ አራተኛ ክፍል የተማረው እዚያው ነው፣ ውሃው ያኔም ነበረ። እንዲህ እንዳለ፣ እርሻውን የገዛው ኩባንያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቦታውን ልቀቁ የሚል ደብዳቤ ላከ። ሌላ ቦታ ካልተገኘ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ማለት ነው።

ቦታ ነበረ። ከጤና ጣቢያው አጠገብ አንድ የመንግሥት መሬት ባዶውን ተቀምጧል። ግን የቻይናዎቹም ትምህርት ቤት ጠቦን ሞተናል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አምሳ ልጅ ነው ያለን ብሎ ያንኑ መሬት ጠየቀ። የወረዳው ሹም ደግሞ ማንንም ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጥናት ይጠና አለ። ከሁለቱ ማኅበረሰብ ኑሮው የከፋው የትኛው እንደሆነ ይለካና መሬቱ ለእሱ ይሰጥ ተባለ።

ከዋናው ከተማ ዶክተር መጣ። የሚያክመው ዓይነት አይደለም፣ የሚቆጥረው ዓይነት ነው። ሸሚዙ በብረት የተተኮሰ፣ ድህነትን በአርባ ሁለት ጥያቄ የሚያውቅ ሰው።

የታሚል ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ቲቸር ፑሽፓም ሠፈሩን በሙሉ በቤተ መቅደሳቸው ዳስ ሥር ሰበሰበች። አጭር፣ ቀጭን፣ ሰው እስኪጨርስ የማትጠብቅ ሴት ናት።

«እዚህ ያለ ሰው እንዲዋሽ አልፈልግም» አለች። «ሊጠይቁ ለሚመጡት ያለውን ብቻ ንገሯቸው። የሌላችሁን የለንም በሉ። ለኛ እውነቱ በቂ ነው።»

ሰዉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቅር መሰኘቱ ግን በፊቱ ላይ ታየ፤ ለእናንተ እውነቱ በቂ ነው ሲሉት የሚደሰት ሰው የለም።

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ አፍ የለኝም» ብላ ቀጠለች። «የወላጆች ሊቀመንበር ሙኒያንዲ ነው። የሚናገርላችሁ እሱ ነው።»

ሙኒያንዲ ሊቀመንበር የሆነው ሌላ ሰው እምቢ ስላለ ነበር። ያን ዕለት ግን ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና «በኔ ይሁንባችሁ» አለ።

እውነቱ ይነገር ነበር፣ ዶክተሩ ብልህ ባይሆን ኖሮ። ዶክተሩ የተማረው አንድ ነገር፣ ሰው የራሱን ወገን ከጠየቀ ያዳላል የሚል ነው። ስለዚህ አቀያየረው። ለቻይናዎቹ መንደር ጉናሴካራን የሚባል የታሚል ወጣት መደበ። ለታሚሎቹ ረድፍ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች፣ እዚያው ቡኪት ሴራይ ያደገች ቻይና መደበ። ስሟ ሲው ላን ነው። አባቷ ኦንግ ኪም ሴንግ ነው።

ሲው ላን ቅዳሜ ጧት መጣች፤ የመጀመሪያው ቤት የሙኒያንዲ ነበር። ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ በሁለት እጇ ሰላም ብላ፣ ፎርሟን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሙኒያንዲን ያናደደውም ይኸው ነው።

«አንኔ፣ ያስታውሱኛል? የኦንግ ልጅ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

ነገሩን ያበላሸችው ይህች ሰላምታ ናት። ሙኒያንዲ ሌሊቱን መልሱን ሲለማመድ ነበር ያደረው፤ የለንም፣ አይሠራም፣ አይበቃም ሊል። አሁን ግን ኦንግ ማታ ራት ላይ ተቀምጦ ልጁን «እሺ፣ ያ ባለ አራት ቆርቆሮ ሰውዬ ምን አለሽ?» ሲላት በዓይኑ መጣበት።

«ቤት ውስጥ ፍሪጅ አለ?» አለች።

ፍሪጅ ነበረ። ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሌቹሚ ሩዙን አይጥ እንዳይደርስበት ታስቀምጥበታለች።

«አለ» አለ ሙኒያንዲ። ትንሽ አሰበና «ሁለት» አለ።

ሌቹሚ ከጓዳ ሳለች።

«ሁለተኛው የት ነው?» አለች ልጅቷ ዞር ዞር ብላ። ፎርሙ የሚጠይቀው ብዛቱን ብቻ ነበር።

«ልጄ ጋ ነው። ሊያመጣልን ነው።»

«ልጅዎ ምን ይሠራል?»

«ሲንጋፖር ነው። ሥራ አስኪያጅ።»

«የምን ሥራ አስኪያጅ?»

«የሌሊቱን። አንድ ሕንፃ እንዳለ ሌሊት በሱ እጅ ነው።»

ጻፈች። ራጋቫን በእርግጥም የሌሊት ዘበኛ ነበር።

«በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ ትበላላችሁ?»

«ዓርብ ዓርብ ለአምላካችን ብለን እንተዋለን።»

«ሌላውን ቀን?»

«በግ ነዋ።»

«በየቀኑ በግ?»

«ሲሰለቸን ዶሮ።»

ከጓዳ አሁን ሳል አልነበረም፤ አንድ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ሙኒያንዲ የጀመረው ነገር ቁልቁለት ሆኖበት ነበር፤ ሊቆም ሲል ይብስ ይፈጥናል። የወርቅ ሐብል አለን አለ። የሕክምና ወጪ አያስቸግረንም አለ። ዝናብ ቤታችን አይገባም አለ። ጣራው ላይ ያሉት አራት የኦንግ ቆርቆሮና ሁለት የዛገ ቆርቆሮ ግን ከበላዩ ሆነው ይሰሙት ነበር።

በመጨረሻ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የመጨረሻዋ ጥያቄ ስለ ትምህርት ቤቱ ናት። ያለ መንግሥት እርዳታ ማኅበረሰቡ በራሱ አቅም ቦታ ገዝቶ ሊያሠራው ይችላል? አዎ ወይም አይ ነው መልሱ።» ከዚያ ፎርሙ ላይ ያልተጻፈ ነገር ጨመረች፤ «አይ ቢሉም እኮ ምንም ማለት አይደለም፣ አንኔ።»

ይህን ያለችው በርኅራኄ ነበር፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚወራው። ሙኒያንዲ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር።

«አዎ» አለ። «እንችላለን። እስከ ዛሬ ስላልፈለግን ነው።»

ወጥታ ጫማዋን ስታደርግ ሌቹሚ ከጓዳ ብቅ አለች። እጇ ላይ ሊጥ አለ።

«የራጋቫን አባት» አለችው፣ «ሁለተኛው ፍሪጅ ሲመጣ የት እናስቀምጠው?»

«አንቺ ዝም በይ።»

«እኔ ምን አልኩ? በጉንም የት እንደምናስረው ግራ ገብቶኝ ነው።»

በዚህ ጊዜ ከኋላ በኩል፣ በቦዩ ዳር የሚሮጥ እግር ተሰማ። የሁለተኛው ቤት መበለት አማካኑ ናት፤ የሙኒያንዲን መልስ በስሱ ግድግዳ በኩል ሰምታ ለረድፉ ልታዳርስ ነው። በረድፉ ሁሉ እውነተኛ የወርቅ ሐብል ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ያሰረላት፣ ሞቶ እንኳ ያልሸጠችው። ልጅቷ የአማካኑን ቤት ስትጨርስ ሐብሉ በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ሦስተኛው ቤት ሄደ። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው። ሲው ላን በፊት በር ስትገባ ሐብሉ በኋላ በር ይገባል፤ ሴቶቹ ከአንገት አንገት እየተቀባበሉ፣ የአንዷ ላብ ሳይደርቅ ሌላዋ እያጠለቀችው። ቬራን የሚባለው ጎረቤት ደግሞ ለስለት ያረደው ፍየል ነበረው፤ ድስቱም ከሐብሉ ጋር በቦዩ ዳር ተጓዘ፣ ልጅቷ የምትገባበት ቤት ሁሉ ሥጋ ሥጋ እንዲሸት። እሷ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ስትሻገር አራት ሴቶች ድስቱን በጨርቅ ሸፍነው አጣድፈው ሲያሻግሩት፣ የሰው ሬሳ የሚያሸሹ ነበር የሚመስሉት።

እንዲህ ተደርጎ በዚያ ቅዳሜ ሃያ ስድስት ቤት ተጠየቀ። ሃያ ስድስት የወርቅ ሐብል ተመዘገበ።

ልጅቷ ዕውር አልነበረችም። ግን የሚሏትን ብቻ እንድትጽፍ ታዝዛ ነበር፤ ያየሽውን አትጻፊ፣ ያሉሽን ጻፊ ተብላ። ዶክተሩ ይህንንም ተምሮት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲስቁ፣ የቻይናዎቹን መንደር የጠየቀው ጉናሴካራን መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሻይ አዝዞ እስኪመጣለት አልጠበቀም።

«እነዚያ ሰዎች አልቀዋል» አለ።

«እነማን?» አለ ቬራን።

«ቻይናዎቹ። የሚበሉት የላቸውም። ኦንግ ኪም ሴንግ ምን ለብሶ እንደተቀበለኝ ታውቃላችሁ? ካናቴራ። ቀዳዳው በጭንቅላት ያስገባል። ቤቱ ወንበር የለም፣ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀምጧል። ቀጭን የሩዝ አጥሚት ነው በደረቀ ፍጅል የሚበላው። ንግድ ሞቷል አለኝ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና ዓይኗን ትጠርጋለች።»

«መርሴዲስ መኪናውስ?» አለ ሙኒያንዲ።

«ዳክዬ ቤት ውስጥ ነው። ጆንያ አልብሰውታል። አንዷ ዳክዬ ላዩ ላይ እንቁላል ጥላለች።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጉናሴካራን ግን አልሳቀም።

«በየቤቱ እንዲህ ነው። አንዱ አየር ማቀዝቀዣውን በአልጋ ልብስ ሸፍኖት የአያቴ ፎቶ ነው አለኝ። ሲጮህ ይሰማኛል እኮ፣ አያትየው። ፎርም የያዘ ሰው ያዩ እንደሆነ ቀረጥ ሰብሳቢ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ከአባት ከአያታቸው የያዙት ነገር ነው። ያላቸውን ከሚነግሩህ ጥርሳቸውን ነቅለው ቢሰጡህ ይሻላቸዋል።»

«ምን ጻፍክ ታዲያ?» አለ ቬራን።

«ያሉኝን ነዋ። የምታየውን አትጻፍ ተብያለሁ።»

ቬራን አሁንም እየሳቀ ነበር። ቲቸር ፑሽፓም ከኋላቸው መቆሟን ያየ አልነበረም። ጃንጥላዋን እንደዘረጋች፣ ፀሐይ የሌለበት የሻይ ቤቱ ዳስ ሥር ቆማለች።

«እናንተስ?» አለች። «እናንተ ምን አላችሁ?»

ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። አንዱ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ቬራን ሙኒያንዲን አየው፣ ሙኒያንዲ ቬራንን።

«ሙኒያንዲ። ፍሪጅ አለህ አልክ?»

«አለኝ እኮ፣ ቲቸር።»

«ስንት አልክ?»

ሙኒያንዲ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ። እሷም አልጮኸችም፤ ጃንጥላዋን አጠፈችና ተቀመጠች። ዝናብ እየገባባቸው የተማሩበትን፣ ልጆቻቸው የሚማሩበትን ሁለት ክፍል ለአንድ ሐብልና ለአንድ ድስት ፍየል እንደለወጡት፣ ያኔ ገና ነው ለሁሉም የገባው። እንዲህ ያለ ንግድ ደግሞ ማንም ቻይና አላስተማራቸውም፤ በራሳቸው የተካኑበት ነው።

«ውጤቱ ሲነበብ ተቃውሞ ይጠየቃል» አለች በመጨረሻ። «የሚናገረው የነዋሪው ተወካይ ነው። ትነሳለህ፣ ዋሽተናል ትላለህ። እንደገና ይጠይቁን ትላለህ። ሌላ መንገድ የለም። ትላለህ?»

«እላለሁ» አለ ሙኒያንዲ።

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት። ልጄን ይንሳኝ።»

ሁለት ወር አለፈ። ሙኒያንዲ በነዚያ ሁለት ወሮች ንግግሩን እያዞረ አለፋው። አንዴ ረዘም አድርጎ የእንግሊዙን ዘመን ጨመረበት፣ ሌላ ጊዜ አሳጠረው። የመጨረሻው ቅርጹ ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ ዋሽተናል፣ ደሃ ነን። ሦስቱንም ማታ ማታ ለሌቹሚ አላት። «ለኔ ስትለው ጥሩ ነው» አለችው።

ውጤቱ የተነበበው በወረዳው አዳራሽ፣ ረቡዕ ጧት ነው። ፊት ለፊት የወረዳው ሹምና ዶክተሩ ተቀምጠዋል። በጎን ጠረጴዛ ላይ ፎርሞቹ ተቆልለው ሲው ላንና ጉናሴካራን ይጠብቋቸዋል። በቀኝ በኩል ቻይናዎቹ ናቸው፣ ሁሉም አሮጌ ሸሚዝ ለብሰው፤ መኪኖቻቸውን ራቅ ብለው ነዳጅ ማደያው ጋ አቁመው በእግራቸው ነው የመጡት። በግራ በኩል ታሚሎቹ፣ ሁሉም ያላቸውን ምርጥ ልብስ ለብሰው። አማካኑ ሐብሏን አጥልቃለች። ሰው እውነቱን ሊናገር ወርቁን አድርጎ ሲሄድ ሙኒያንዲ ያየው ያን ቀን ነው፤ እሱ ራሱም የራጋቫንን መነጽር ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ነበር።

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ አበራ። ሁለት ምሰሶ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። ረጅሙ ታሚሎች ናቸው። ዶክተሩ ደስ ብሎት ነበር።

«ውጤቱ ከሚጠበቀው ፍጹም የተለየ ነው» አለ። «ከዚህ በፊት በሀገራችን ያልታየ። የቡኪት ሴራይ ታሚሎች በሥጋ ፍጆታ፣ በጌጣጌጥና በልጆቻቸው የሥራ ደረጃ ከቻይናዎቹ በእጅጉ ይበልጣሉ። ይህ የማኅበራዊ ትስስር ውጤት ነው ብለን እናምናለን።»

ማኅበራዊ ትስስሩ በቦይ ዳር የሚሄድ ድስት መሆኑን የነገረው ሰው የለም። በማሌዢያ ምድር ታሚል ከቻይና በልጦ ሲታይ ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን ነበረች። አንዳንዶቹ፣ ሙኒያንዲ ዞር ብሎ እንዳያቸው፣ የመጡበትን ረስተው ፈገግ ብለዋል።

«ስለዚህ መሬቱ ለቻይናዎቹ ትምህርት ቤት ይሰጣል» አለ ሹሙ። «ተቃውሞ ያለው ተወካይ አሁን ይናገር። ከዛሬ በኋላ የለም።»

ሙኒያንዲ ተነሳ። ጉልበቱ ደህና ነበር፣ ድምፁም ደህና ነበር።

«የኛ ትምህርት ቤት ውሃ ይገባዋል» አለ።

ሹሙ ወደ ፎርሞቹ እጁን ዘረጋ፤ ሲው ላን ከላይ ያለውን አንስታ ሰጠችው።

«ውሃ ሊገባው ይችላል። ግን እዚህ በራሳችን አቅም ቦታ ገዝተን እንሠራለን ይላል። ሃያ ስድስት ቤት፣ ሃያ ስድስት አዎ። የመጀመሪያው ያንተ ነው፤ ስላልፈለግን ነው ብለሃል። ፎርሙ ተሳስቷል? ልጅቷ ያላልከውን ጽፋ ነው?»

ሲው ላን ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ፍርሃትም የለም፤ የምትጠብቅ ሰው ፊት ነው። በቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ ኦንግ ኪም ሴንግ በወንበሩ ዞረ። አንገቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ፣ ክንዱን መደገፊያው ላይ ጥሎ፣ ሙኒያንዲን አየ።

«ተናገር» አለ ቬራን ከኋላ በሹክሹክታ። «አንድ ቃል ናት እኮ፣ ሰውዬ።»

አንድ ቃል ናት። የሙኒያንዲ ምላስ ላይ ነበረች። ግን ደሃ ነን የሚለውን ለሹሙ ማለት ይችላል፣ ለዶክተሩም ማለት ይችላል፣ ለንጉሡም ማለት ይችላል። ለዚያ በወንበሩ ለዞረ ፊት ግን አይችልም። ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበሩ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ያውቃል። ከሠላሳ ስምንቱ ፊት ያ አንድ ፊት በለጠበት።

«ፎርሙ ልክ ነው» አለና ተቀመጠ።

ቲቸር ፑሽፓም ብድግ አለች። «እኔ ልናገር።»

«ቲቸር፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት» አለ ሹሙ። «ተወካዩ ተናግሯል። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን አንስታ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጣች። በሙኒያንዲ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም፤ ላለማየት አስባ ሳይሆን፣ የሚታይ ነገር እንደሌለ ሁሉ።

ሰዉ ሲበተን ሙኒያንዲ የመጨረሻ ሆኖ ወጣ። ቬራንና ሌሎቹ ሳይጠብቁት ሄደዋል። አማካኑ ብቻ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ ሐብሏን ከአንገቷ አውልቃ በመሐረብ ስትጠቀልል አያት። ኦንግ ኪም ሴንግ ከአዳራሹ በር ማዶ፣ ዛፉ ሥር ቆሟል። ብቻውን ነው።

«አንኔ» አለው።

ሙኒያንዲ ቆመ።

«ለምንድነው ያልተናገርከው?» አለ ኦንግ። «እኔ ስጠብቅህ ነበር። ዋሽተናል ብትል ተነስቼ እኛም ዋሽተናል ልል ነበር። ልጄ ከጥናቱ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። የኛን ቤት መልስ በቁልሉ ላይ አይታዋለች፣ የእናንተን ራሷ ጽፋዋለች፤ ዶክተሩ ዝም በይ አላት። ይሄን መሬት በዚህ ዓይነት አልፈለግሁትም።»

ሙኒያንዲ ፊቱን መረመረው። እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለም። መርሴዲስ ዳክዬ ቤት መደበቅ የሚችል ሰው ሌላም ብዙ ነገር መደበቅ ይችላል። እውነት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሠላሳ ስምንቱን ልጆች የጣላቸው የኦንግ ክፋት ሳይሆን እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ሙኒያንዲ ለአሥራ ሦስት ዓመት ለኦንግ ያልተመኘለት ክፉ ነገር የለም። ደግ ሆኖ ይገኝ ይሆናል ብሎ ግን አንድም ቀን አልፈራም ነበር።

«ልጆቻችሁን ወደኛ ትምህርት ቤት አምጧቸው» አለ ኦንግ። «አዲሱ ሲሠራ ቦታ ይተርፋል። ቋንቋውን ይለምዱታል፣ ልጆች አይደሉ? እኔ ራሴ ለርእሰ መምህሩ እነግርልሃለሁ። ምን ትላለህ?»

ትኩስ ንፋስ ከነዳጅ ማደያው በኩል መጣ። ከወዲያ የመኪና ሞተሮች አንድ በአንድ ሲነሱ ይሰማል።

«አንኔ፣ እያናገርኩህ እኮ ነው።»

ሙኒያንዲ ፊቱን አዞረ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በአስፋልቱ ዳር ሄደ።